በዱቤ የሸጣቸው ሞተሮች፦ የሐጂ ዐብደላህ ፊልቢ ሕይወት

ዛሬ ከጅዳ ተነሥቶ መካ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይኸው ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በግመል የሁለት ሌሊት ጉዞ ነበር። ከምጽዋ፣ ከስዊዝ፣ ከቦምቤይ ወይም ከጃቫ በመርከብ የመጣው ሐጃጅ ጅዳ ላይ ይወርድና በባብ መካ፣ ማለትም በከተማዋ ግንብ የመካ በር በኩል ይወጣል። በግመል ጀርባ ላይ በሚታሰረው ሹግዱፍ ውስጥ ተቀምጦ ሌሊቱን ይጓዛል፤ የቀኑን ሐሩር በመንገዱ አጋማሽ ባለችው በባሕራ መንደር ያሳልፋል፤ በሁለተኛው ሌሊት መጨረሻ የአላህን ቤት ያያል።

ያ መንገድ ከግመል እርምጃ ወደ መኪና ጎማ በተሻገረባቸው ዓመታት በጅዳ መኪና ይሸጥ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ታሪክ የሚያስታውሰው በሌላ ሥራው ነው፤ ሩብዕ አል-ኻሊ የተባለውን ባዶ ምድር የተጓዘ አሳሽ፣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ወዳጅና አማካሪ፣ የብዙ መጻሕፍት ደራሲ በመሆኑ ነው። ነጋዴነቱን የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ለመንግሥት በዱቤ የሸጣቸውና ዋጋቸው ሳይከፈል የቆየው መኪናዎች የእርሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የአገሪቱን ታሪክ ጭምር ከነካ ጉዳይ ጋር አገናኝተውታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ለይቶ ከተመለከተው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሴሎን እስከ ሪያድ

ሃሪ ሴንት ጆን ብሪጀር ፊልቢ ኤፕሪል 3 ቀን 1885 በሴሎን ደሴት፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ባዱላ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ በሻይ እርሻ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ነበር። ልጁ ለንደን በሚገኘው በዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ። በ1908 ወደ ሕንድ ተሻግሮ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር በፑንጃብ ግዛት የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። ለቋንቋ ልዩ ተሰጥኦ ነበረው፤ ከአለቆቹ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አይስማማም። በያዘው አቋም የሚጸና፣ ተቃውሞን የማይፈራ፣ አንዳንዴም ክርክርን ለክርክርነቱ ሲል የሚወድ ሰው እንደ ነበር የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 ወደ ኢራቅ አመጣው። በ1917 መጨረሻ ደግሞ የብሪታንያ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሪያድ ተላከና የነጅድን ገዥ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኛቸው። ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከዑቀይር ተነሥቶ በሪያድ በኩል አልፎ በዓመቱ መጨረሻ ጅዳ የደረሰው በግመል ነው። በዚህና በተከታዩ ጉዞው ላደረገው አሰሳ የብሪታንያ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከሁሉ በላይ ግን ከዚያ ጉዞ የቀረው ለዐብዱልዐዚዝ ያደረበት አድናቆት ነበር። የአረብ ምድር የወደፊት ዕጣ በእኚህ ሰው እጅ ነው ብሎ አመነ፤ የአገሩ መንግሥት ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚደግፈው የመካውን ሸሪፍ ሑሴንን ነበር።

ፊልቢ ከ1921 እስከ 1924 በትራንስጆርዳን የብሪታንያ ዋና ተጠሪ ሆኖ ሠራ። ከዚያ በኋላ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። በዲሴምበር 1925 ጅዳ ለዐብዱልዐዚዝ እጇን ሰጠች፤ እርሳቸውም ወደ ከተማይቱ ገብተው በታዋቂው በበይት ነሲፍ አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ፊልቢ ሥራ የሌለው፣ ጡረታው አነስተኛ የሆነ፣ በእንግሊዝ አገር ሚስቱ ዶራና ልጆቹ ገንዘብ የሚጠብቁት የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሆኖ ጅዳ ላይ ንግድ ጀመረ።

በይት ባግዳዲ

ድርጅቱ ሸርቂያ ይባል ነበር። ፊልቢ የኖረው በይት ባግዳዲ በተባለው ትልቅ ቤት ነው። ጅዳ በዚያን ዘመን በግንብ የታጠረች፣ ቤቶቿ ከባሕር ድንጋይ የታነጹ፣ መስኮቶቿ ሮሻን በሚባለው የእንጨት ጥልፍ የተሸፈኑ ከተማ ነበረች። የመጠጥ ውኃዋ ከፊሉ የሚገኘው ከንዳሳ ከተባለው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ነው። በወደቧ ፊት ያለው ዐለት መርከቦችን ስለማያስጠጋ ዕቃ ሁሉ ከመርከብ ወደ ሳምቡክ እየተራገፈ ነበር ወደ ምድር የሚደርሰው። መኪናም ሲመጣ በዚያው መንገድ፣ በጀልባ ላይ ተጭኖ ወደ ዳርቻ ይቀርባል። ቤንዚኑ የሚመጣው በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ ነው፤ ጣሳው ባዶ ሲሆን የውኃ መቅጃ ይሆናል።

ከቀይ ባሕር ማዶ መኪና ቀድሞ የታየ ነገር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የተሰኘች የእንግሊዝ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ አፄ ምኒልክም ተሳፍረውባታል። በሒጃዝ በኩል ግን በሸሪፍ ሑሴን ዘመን መኪና እጅግ ጥቂት ነበር። የመኪና በር በሰፊው የተከፈተው ከ1925 በኋላ፣ በአዲሱ መንግሥት ዘመን ነው። ሐጃጁን በሁለት ሌሊት ሳይሆን በጥቂት ሰዓት መካ የሚያደርስ ነገር መምጣቱ በሙተወፎች ቤት ሁሉ ይወራ ጀመር። መንግሥትም ለጸጥታ ኃይሉ፣ ለፖስታውና ለንጉሡ ጉዞ መኪና ይፈልግ ነበር።

ሸርቂያ ከጊዜ በኋላ የፎርድ መኪና ወኪል ሆነ። በ1930ዎቹ መግቢያም ለመንግሥት የማርኮኒን የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያዎች ለማቅረብ ተዋዋለ። የጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ በመኪና ላይ የተተከሉ ተንቀሳቃሽ ጣቢያዎች ነበሩ። ንጉሡ ካሉበት ሰፈር ሆነው ከሪያድም ከመካም ጋር የሚነጋገሩት በእነዚህ ነበር።

የሞተሮቹ ጠባይ

በዚያን ዘመን የሚሠራ ሞተር ሁሉ የራሱ አመል ነበረው፤ ሾፌርም ማለት መሪ የሚይዝ ሰው ብቻ ሳይሆን ያን አመል የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር። በመላው ዓለም የተሠራጨው የፎርድ ሞዴል ቲ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ ጉልበቱ 20 የፈረስ ኃይል የሆነ ሞተር ነበረው። የውኃ ፓምፕ አልነበረውም። የሞቀው ውኃ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች እየወረደ ይዘዋወራል። ይህ ዘዴ በቀዝቃዛ አገር ይበቃ ይሆናል፤ በቲሃማ ሐሩር፣ በአሸዋ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሲገፋ ግን ራዲያተሩ እንደ ጀበና ይፈላል። ስለዚህ ያለ ውኃ አቁማዳ የሚወጣ ሾፌር አልነበረም፤ አንዳንዴም ከተሳፋሪው ይልቅ ሞተሩ ብዙ ይጠጣ ነበር።

የቤንዚኑ ታንክ ከመቀመጫ በታች ነው፤ ቤንዚኑም ወደ ካርቡራተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። አቀበቱ ሲበረታ ሞተሩ ከታንኩ በላይ ስለሚሆን ነዳጁ መውረዱን ያቆማል። መፍትሔው መኪናውን አዙሮ ወደ ኋላ እየነዱ አቀበቱን መውጣት ነበር። የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከሞተሩ ማግኔቶ ስለሆነ ሞተሩ ሲፈጥን ይበራል፤ ሲዘገይ ይደበዝዛል። መንገዱ በከፋበትና ዝግ ብሎ መሄድ በሚያስፈልግበት ቦታ መብራቱ የሚደክመውም ለዚህ ነው። ማኑቬላውን ሲያዞሩ አውራ ጣትን አጥፎ መያዝ አደገኛ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አንጓ ይሰብራል።

በ1927 መጨረሻ ሞዴል ኤ ተተካ፤ ሞተሩ 3.3 ሊትር፣ ኃይሉ 40 የፈረስ ጉልበት፣ የውኃ ፓምፕም ያለው ሆነ። በ1932 ደግሞ ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ቪ 8 አወጣ፤ ጉልበቱ 65 ደረሰ። ይህኛው በአሸዋ ላይ የሚያስደንቅ ጉልበት ነበረው፤ አመሉ ግን ሌላ ነው። የሚቃጠለው ጭስ በሞተሩ አካል ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ የራዲያተሩን ውኃ ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። የቤንዚን ፓምፑ ከሞተሩ በላይ ስለተቀመጠ በሐሩር ጊዜ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና መኪናው ምንም ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልማዱን የሚያውቅ ሾፌር አይደነግጥም፤ ኮፈኑን ከፍቶ በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርግና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

የሁሉም የጋራ ጠላት አሸዋ ነበር። ደቃቁ አሸዋ ከአየር ጋር ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ፒስተኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የእንጨት ጎማ ቸርኬዎች በድርቀት ይኮማተሩና ይላላሉ፤ ባሌስትራ ይሰበራል። በአሸዋ ሲያዝ ከጎማው ነፋስ መቀነስ፣ ከጎማው በታች ምንጣፍ ወይም ቅርንጫፍ መጎዝጎዝ፣ ተሳፋሪ ወርዶ መግፋት የጉዞው ክፍል ነበር። መለዋወጫው የሚመጣው በመርከብ ነው፤ መርከቡ እስኪመጣ ድረስ ከሞተ መኪና እየተፈታ በሕይወት ላለው ይገጠማል። በጅዳና በመካ ጋራዦች ውስጥ የአገሬው ልጆች መካኒክነትን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሞተሩ ያመጣው ደስታ ብቻ አልነበረም። ግመላቸውን ለሐጃጅ በማከራየት የሚተዳደሩ የበረሃ ሰዎች መተዳደሪያቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄደ። ለአቅመ ደካማው ሐጃጅ ምሕረት የሆነው ነገር ለግመል ባለቤቱ የሐዘን መጀመሪያ ሆነ።

የመካ በር

ፊልቢ በጅዳ አምስት ዓመት ያህል ሲኖር አንድ ነገር አልቻለም ነበር። ሐጃጅ የሚያመላልሱ መኪናዎች በባብ መካ እየወጡ ሲሄዱ ያያል፤ እርሱ ግን ሙስሊም ስላልነበረ ከሐረሙ ወሰን ማለፍ አይፈቀድለትም። ንጉሡ በመካ ወይም በሪያድ ሲሆኑ እርሱ ጅዳ ላይ ይጠብቃል። ያሰበው የበረሃ ጉዞም እንዲሁ ሳይፈቀድለት ይቆያል።

በኦገስት 1930 እስልምናን ተቀበለ። ኢሕራም ለብሶ በሌሊት ወደ መካ ሄደና ዑምራ አደረገ፤ ቀጥሎም ንጉሡ ወዳሉበት ወደ ጣኢፍ ወጣ። ዐብደላህ የሚለው ስም ተሰጠው። በተከታዩ ዓመት ሐጅ አደረገ፤ ስለ ሐጁም በኋላ መጽሐፍ ጻፈ። ንጉሡ በመካ ቤት ሰጡት፤ ከምሽት ሸንጎአቸውም የማይለይ ሰው ሆነ።

በጅዳ ያሉ አውሮፓውያን ለንግዱና ለጉዞው ፈቃድ ሲል ያደረገው ነው አሉ። ይህ ሐሜት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከትሎታል። በልብ ያለውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ በውጭ የሚታየው ግን ቀሪውን ሠላሳ ዓመት በሙስሊምነት ኖሮ በሙስሊምነት መቀበሩ ነው። መስለሙ በንግዱ ረድቶት ከሆነም ብዙም አላበለጸገውም። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያሳያል።

ያልተከፈለው ሒሳብ

በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት የሐጃጁን ቁጥር አመናመነው። ቀድሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሐጃጅ በዓመት 100,000 ገደማ ይደርስ ነበር፤ በ1931 ወደ 40,000 ዝቅ አለ፤ ከዚያም በኋላ ማሽቆልቆሉን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ዋና ገቢ ከሐጅ የሚገኘው ነበር። ግምጃ ቤቱ ደረቀ፤ የነጋዴዎች ሒሳብ ሳይከፈል ቀረ። ሸርቂያ ለመንግሥት ያቀረባቸው መኪናዎችና የቴሌግራፍ ጣቢያዎች ዋጋም በደብተር ላይ ብቻ የሚነበብ ሆነ። መኪናዎቹ በየበረሃው እየሮጡ ያረጃሉ፤ ገንዘባቸው ግን አልመጣም። ፊልቢ የንጉሡ ወዳጅ ስለሆነ ገንዘቡን መጠየቅ ያፍራል፤ የድርጅቱ ባለድርሻ ስለሆነ ደግሞ አለመጠየቅ አይችልም።

ከዚህ ጭንቀት ውስጥ ነበር ሌላ ሐሳብ የመጣው። የአገሪቱ ሀብት ከመሬቷ በታች እንደ ተቀበረ ንጉሡን ደጋግሞ ያሳስባቸው ነበር። ቻርልስ ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋና የአረቦች ወዳጅ በ1931 መጀመሪያ ወደ ጅዳ እንዲመጣ መንገድ ካመቻቹት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ክሬን ካርል ትዊቸል የተባለ መሐንዲስ በራሱ ወጪ ላከ። የትዊቸል የመጀመሪያ ተልእኮ ውኃ መፈለግ ነበር። የከርሰ ምድር ውኃው ብዙ ተስፋ አልሰጠም፤ ምርመራው ግን ወደ ማዕድንና ወደ ነዳጅ አመራ።

በፌብሩዋሪ 1933 ሁለት ወገኖች ጅዳ ላይ ተፋጠጡ። በአንድ በኩል የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል መልእክተኛ ሎይድ ሃሚልተን፣ በሌላ በኩል በብሪታንያውያን የሚመራው የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ ወኪል ነበሩ። ፊልቢ ከካሊፎርኒያው ኩባንያ በድብቅ የአማካሪ ደመወዝ ይቀበል ነበር። የሌላውም ወገን ሰው እንደ ወዳጅ ያማክረዋል፤ የንጉሡም ወገን ምክሩን ይሰማል። በአንድ ጊዜ ለሦስት ወገን መምከሩ ከሕይወቱ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚያነጋግሩት ነገሮች አንዱ ነው። እርሱ ግን ንጉሡ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲያገኙ እንደ ሠራ በኋላ ሳይደብቅ ጽፏል።

ሜይ 29 ቀን 1933 በጅዳ በኹዛም ቤተ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትሩ ዐብደላህ አስ-ሱለይማንና ሃሚልተን ውሉን ፈረሙ። የመጀመሪያው ክፍያ 35,000 የወርቅ ፓውንድ ነበር፤ ወርቁ በመርከብ መጥቶ ጅዳ ላይ አንድ በአንድ ተቆጠረ። መንግሥት እፎይ አለ፤ ፊልቢም ከመንግሥት የሚፈልገው ሒሳብ የሚከፈልበትን ቀን ማሰብ ቻለ። በማርች 1938 በደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ተገኘ። ሜይ 1 ቀን 1939 ንጉሡ የመጀመሪያው መርከብ በራስ ተኑራ ነዳጅ ሲጭን ለማየት በመቶዎች በሚቆጠሩ መኪናዎች ታጅበው በረሃውን አቋርጠው መጡ። ቤንዚን በጣሳ ከባሕር ማዶ ይመጣላት የነበረችው አገር ነዳጅ ላኪ ሆነች።

ግመልና መኪና

የሚያስገርመው ነገር ይህ የመኪና ነጋዴ ስሙን ያስጠራው በግመል ጉዞ መሆኑ ነው። ሩብዕ አል-ኻሊን ከሁሉ ቀድሞ ለማቋረጥ ለዓመታት ሲመኝ ነበር፤ የንጉሡን ፈቃድ ሲጠባበቅ ሌላው እንግሊዛዊ በርትራም ቶማስ በ1931 መጀመሪያ ቀደመው። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ለቀናት ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ ይባላል። በጃኑዋሪ 1932 ፈቃድ ሲያገኝ ከቶማስ የረዘመና የከበደ መንገድ መረጠ። በአፈ ታሪክ በእሳት ጠፋች የምትባለውን የወባርን ከተማ ፈልጎ ሲደርስ ያገኘው የከተማ ፍርስራሽ ሳይሆን ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር። ከዚያ ውኃ የሌለበትን ሰፊ የአሸዋ ምድር አቋርጦ በማርች አጋማሽ ሱለይል ደረሰ። ያ ጉዞ ከተገባደደ በኋላ ወደ መካ ተመልሶ የለመደውን ሥራ ቀጠለ።

ነገር ግን መኪናንም ለአሰሳ ተጠቅሞበታል። በ1936 መንግሥት የደቡቡን ወሰን ካርታ እንዲያነሣ ባሰማራው ጊዜ ከነጅራን ተነሥቶ በመኪና እስከ ጥንታዊቷ ሸብዋ፣ ከዚያም በሐድረመውት በኩል እስከ ሙከላ ወደብ ድረስ ወረደ። በዓደን የነበሩት የብሪታንያ ሹማምንት ባልጠበቁት አቅጣጫ ከሰሜን የመጣ መኪና ሲያዩ ደነገጡ፤ ተቆጡም። የጉዞ ልማዱ የታወቀ ነው። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን እያነበበ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ እየለካ፣ የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየመዘገበ ይሄዳል፤ ድንጋይ፣ ወፍ፣ የጥንት ጽሑፍ ያየ እንደሆነ ያስቆማል። ማታ ሁሉም ሲተኛ እርሱ በፋኖስ ብርሃን ማስታወሻውን ያሰፍራል። በግመል ዘመን ርቀት በሰዓትና በእርምጃ ግምት ይለካ ነበር፤ መኪናው ጎማው በዞረ ቁጥር የሚቆጥር መለኪያ ሆነለት። በ1951 እና 1952 ከቤልጅየማውያን ሊቃውንት ጋር ባደረገው ታላቅ ጉዞም በሺዎች የሚቆጠሩ የጥንት የድንጋይ ጽሑፎች ተገለበጡ።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የዓለም ጦርነት ነበረ። በ1939 በእንግሊዝ አገር ጦርነቱን ተቃውሞ ለፓርላማ ተወዳደረና ተሸነፈ። በ1940 በቦምቤይ ተይዞ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እስከ 1941 ድረስ ታሰረ። ወደ አረብ ምድር የተመለሰው በ1945 ነው።

ከብልጽግና በኋላ

የተመለሰባት አገር የምትለወጥ አገር ነበረች። የጅዳ ግንብ በ1947 ፈረሰ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡት መኪናዎች ከቀድሞዎቹ የሚያምሩና የሚያስከብሩ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ቸርችል ለንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የላኩት ሮልስ ሮይስ ፋንተም 3 ጅዳ ገባ። አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ 7.3 ሊትር፣ ሃያ አራት ካንዴላ ያለው፣ በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት ሞተሮች ሁሉ ከረቀቁት አንዱ ነበር። የርቀቱ ዋጋ ግን ነበረው፤ የቫልቮቹ መግፊያ በዘይት ግፊት የሚሠራ በመሆኑ ዘይቱ ጥቂት ከቆሸሸ ይደፈንና ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል። በአሸዋ አገር ዘይትን ንጹሕ ማድረግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የድሮ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ከሞተሩ በፊት ግን ሌላ ነገር እንቅፋት ሆነ። መሪው እንደ እንግሊዝ ልማድ በቀኝ በኩል ነበር፤ ንጉሡም ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥ ስለሚወዱ ቦታቸው በግራ ሊሆን ነው። የክብር ቦታ ቀኝ ነውና መኪናውን ለወንድማቸው ሰጡት ተብሎ ይተረካል።

ኖቬምበር 9 ቀን 1953 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዐረፉ። ለፊልቢ የሠላሳ ስድስት ዓመት ወዳጁ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ በሪያድ የነበረው ፊልቢ ነዳጅ ያመጣውን ገንዘብ አባካኝነት እያነሣ በንግግርም በጽሑፍም ወቀሰ። የቀድሞውን የድንኳን ሕይወት፣ የንጉሡን ቁጥብነትና የግመሉን ዘመን ያወድስ ነበር። ይህ ወቀሳ ከመኪና ነጋዴና ከነዳጅ ውል አማካሪ አፍ መውጣቱን ብዙዎች ታዝበዋል፤ ትዝብታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የግመሉን ዘመን ካስረጁት ሰዎች አንዱ ራሱ ነበርና። በ1955 አገሩን እንዲለቅ ተደርጎ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በ1956 ታርቆ ወደ ሪያድ ተመለሰ። ዕድሜው ከሰባ አልፎም ማስታወሻ መጻፉንና ካርታ ማስተካከሉን አልተወም።

በ1960 በሞስኮ በተደረገ የምሥራቅ ጥናት ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ሲመለስ ቤይሩት ልጁ ኪም ዘንድ ዐረፈ። ኪም ለሶቪየት ኅብረት የሚሰልል እንደ ነበር ዓለም በይፋ ያወቀው ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። ፊልቢ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 በልብ ሕመም ሞተ። በዚያው ቀን ሳይርቅ በቤይሩት በባሹራ የሙስሊሞች መቃብር በእስልምና ሥርዓት ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከአረብ ምድር አሳሾች ሁሉ የበለጠ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተጻፈለት።

ከበይት ባግዳዲ ዘመን ሞተሮች የተረፉት ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በሙዚየምና በጥንት መኪና ወዳጆች እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ማኑቬላ አዙረው ሞተር ሲያስነሡ፣ ድምፁን አዳምጠው የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ሲለዩ፣ ራዲያተሩ ሲፈላ ሳይቆጡ ውኃ ሲጨምሩ ያስታወሱት ብረቱን ብቻ አይደለም። ሐጃጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሌሊት የሚፈጀውን መንገድ በአንድ ቀን ጨርሶ መካ የገባበትን ዘመን፣ ግመሉን ሸጦ ወደ ሌላ ሥራ የሄደውን ሰው፣ በመንገድ ዳር ጨርቅ አርሶ ጥላ ሥር የጠበቀውን ሾፌር ጭምር ነው። ሐጂ ዐብደላህ ፊልቢ የሁለቱም ዘመን ሰው ነበር፤ አንዱን ሸጠ፣ ሌላውን ናፈቀ። ያተረፈው ንግድ ብዙ አይደለም። የማይረሳው ሥራው በየመንገዱ ቆሞ የጻፈው ልኬት ነው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር የተመዘገበው ያ ቁጥር በአረብ ምድር ካርታ ላይ ባዶ የነበረውን ቦታ ሞላ።